ሞተር ሲሞቅ ምን ይነግረናል?
ያረጀ ፒካፕና ትራክተር የማቀዝቀዣ ችግርን ለይቶ ማወቅ

(ለአርሶ አደሮች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሾፌሮችና ለትራክተር ኦፕሬተሮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙ ጊዜ የምንገናኘው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ለመነጋገር ነው። የዛሬው ርእሳችን ግን ዘሩንና ማዳበሪያውን ተሸክሞ የሚያመጣልን፣ ማሳችንንም የሚያርስልን ሞተር ነው። እኔ የተማርኩት ግብርና እንጂ መካኒክነት አይደለም። ሆኖም የመስክ ሥራዬን ያሳለፍኩት በአዲስ መኪና ሳይሆን ዕድሜ ጠገብ በሆኑ ፒካፖችና ትራክተሮች ነው። የማውቀውን ከሾፌሮች፣ ከመካኒኮችና ከራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁ። ከጥፋቱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ መጨረሻ፣ አሥር ኩንታል የስንዴ ምርጥ ዘር በተከራየናት አሮጌ ፒካፕ ጭነን ከጎሃ ጽዮን በኩል ወደ አባይ በረሃ ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር የሙቀት ጌጁ መውጣት ጀመረ። ሾፌሩ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ፤ መኪናዋም የራሳቸው ናት። «ልጄ፣ ቆም ብለን ብናሳርፋት ይሻላል» አሉኝ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። አርሶ አደሮቹ ከጠዋት ጀምሮ በቀበሌው ደጅ ተቀምጠው እየጠበቁን ነበር። «ትንሽ እንግፋ ጋሼ» አልኳቸው። ጥቂት እንደሄድን ጌጁ ወረደ፤ ከመሃል በታች ሆነ። «ይኸው፣ በራሷ ጊዜ በረደች» ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንሄድ ሞተሩ ጉልበት አጣና ቀጥ አለ።

ጌጁ የወረደው ሞተሩ ስለበረደ አልነበረም። የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ተሰንጥቆ ውሃው በሙሉ ስላለቀ ነው። ሙቀቱን ለጌጁ የሚያስተላልፈው መሣሪያ የሚለካው በዙሪያው ያለውን ውሃ ነው። ውሃው ሲያልቅ ባዶ ቦታ ላይ ስለሚቀር ትክክለኛውን ሙቀት አያሳይም። ሞተሩ በሚቃጠልበት ሰዓት እኛ «ደህና ነው» የሚል ጌጅ እያየን ነበር።

ዘሩ በሌላ መኪና ቀበሌው የደረሰው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ከሚጠብቁን ገሚሶቹ ዝናቡ እንዳያመልጣቸው የጎተራቸውን ዘር ዘርተው ጨርሰው ነበር። የሾፌሩ መኪና ደግሞ ቴስታታው ተጣሞ፣ ፒስተኑ ነክሶ፣ ክረምቱን በሙሉ ጋራዥ ከረመ። የዚያ ቤተሰብ እንጀራ እሷ ነበረች። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም፤ እኔ ግን «ትንሽ እንግፋ» ያልኩትን አልረሳውም። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ቆመን ብናይ ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ቱቦ ያልቅ ነበር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የዛሬው ትምህርት ከዚህ የተለየ አይደለም።

1. ሞተር ውሃ የሚፈልገው ለምንድን ነው?

ሞተር ከሚያቃጥለው ናፍጣ ወይም ቤንዚን ጉልበት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው በግምት አንድ ሦስተኛው ነው። ሌላው ሦስተኛ በጭስ ይወጣል። የቀረው የሞተሩን ብረት ያሞቃል። ይህ ሙቀት ከብረቱ ካልወጣ ብረቱ ይጣመማል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፒስተኑም ይነክሳል።

ሙቀቱን የሚያወጣው ውሃ ነው። መንገዱንም በአእምሯችሁ ያዙት፤ ችግር የምንፈልገው በዚሁ መንገድ ላይ ነውና። የውሃ ፓምፑ ውሃውን ወደ ሞተሩ ይገፋል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ በላይኛው ቱቦ ወደ ራዲያተር ይመጣል። በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲወርድ ቬንትሌተሩ የሚስበው አየር ያቀዘቅዘዋል። ከዚያም በታችኛው ቱቦ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። በሞተሩና በላይኛው ቱቦ መካከል ቴርሞስታት የሚባል በር አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይዘጋል፤ ሲሞቅ ይከፈታል። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቁጥሩም ራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ስለዚህ ሞተር ከመጠን በላይ ከሞቀ ከአራት ነገሮች አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ውሃው አንሷል፤ ወይም ውሃው አይዞርም፤ ወይም አየሩ አያልፍም፤ ወይም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

2. የኛ አገር ከፍታና የራዲያተር ክዳን

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው አያውቀውም። ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግን መፍያው ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በ2,400 ሜትር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጅባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጭነት የያዘ ሞተር ደግሞ 90 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ደጋ ላይ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ስለሚያፍነው ነው። የራዲያተር ክዳን ስፕሪንግና ጎማ አለው፤ ውሃውን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፣ ግፊቱም መፍያውን ከፍ ያደርገዋል። 0.9 የሚል ቁጥር ያለው ክዳን በ2,400 ሜትር ላይ መፍያውን ከ92 ወደ 114 ዲግሪ አካባቢ ያወጣዋል። ብዙ የድሮ ትራክተሮች ደግሞ ከዚያ ያነሰ ግፊት ያለው ክዳን ነው የተሠራላቸው።

ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የሞተ ክዳን ያለው መኪና ቆላ ላይ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ደጋ ሲወጣ ይፈላል። ሰው ግን ክዳኑን ትቶ ራዲያተሩን ያስፈታል። ክዳን ከማቀዝቀዣው ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ነው። ሲለወጥ ግን ቁጥሩ ከተሠራለት ጋር አንድ መሆን አለበት። «ጠንከር ያለ ይሻላል» ብሎ ትልቅ ቁጥር መግጠም ያረጀ ራዲያተርና ቱቦ ይፈነዳል።

3. መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ፦ መቼ ነው የሚሞቀው?

ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት አያዝም። እናንተም ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሾፌሩን ጠይቁ። ሙቀቱ የሚመጣበት ሰዓት ችግሩ ያለበትን ቦታ ይጠቁማል።

ሀ) ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ይሞቃል፤ መንገድ ሲያገኝና ሲፈጥን ይበርዳል። ይህ የአየር ችግር ነው። ሲፈጥን ነፋሱ በራሱ ያልፋል፤ ሲቆም ግን ሥራው የቬንትሌተሩ ነው። ችንጋው ላልቶ ወይም ቬንትሌተሩ ደክሞ ይሆናል። በአንዳንድ ፒካፖች ላይ ቬንትሌተሩ መሃል ላይ ወፍራም ዘይት ያለበት ክላች አለ። ሞተሩ ጠፍቶ በቀዘቀዘበት በእጅ ሲዞር ትንሽ ሊይዝ ይገባል። እንደ ልጆች ነፋስ መዘውር ዝም ብሎ ከዞረ ሞቷል።

ለ) ባዶውን ደህና ነው፤ ዳገት ላይ፣ በጭነት ወይም ሲያርስ ብቻ ይሞቃል። እዚህ ላይ መጀመሪያ ራዲያተሩን ጠርጥሩ። ከውጭ በገለባና በአቧራ፣ ከውስጥ ደግሞ በዝገትና በጨው ድንጋይ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የላላ ችንጋ፣ ከዚያም ሞተሩ ሲፈጥን የሚጨመደድ የታችኛው ቱቦ ይታያል። ይዞ የቀረ ፍሬንና ከአቅም በላይ የሆነ ጭነትም ሞተርን ያሞቃሉ።

ሐ) ከተነሳ በአምስትና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይሞቃል። ውሃው በጣም አንሷል፣ ወይም ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።

መ) ውሃ በየቀኑ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ አይታይም። ክዳኑ በእንፋሎት እያስወጣ ይሆናል። ወይም ሲሞቅ ብቻ የሚያፈስ ቀዳዳ አለ፤ ጠብታው ጋለ ብረት ላይ ወድቆ ስለሚደርቅ አይታይም፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ምልክት ግን ይተዋል። ሁለቱም ካልሆኑ ውሃው የሚሄደው ወደ ሞተሩ ውስጥ ነው።

ሠ) የሙቀት ጌጁ ሲወጣ የባትሪው ቀይ መብራትም አብሮ ይበራል። ወዲያው ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው አንድ ችንጋ ነው፤ እሱ ተበጥሷል ማለት ነው።

4. ምርመራው፦ ከርካሹ ወደ ውዱ

ምርመራ የሚደረገው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቢቻል በማለዳ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ከውዱ ስለሚጀመር ነው።

አንደኛ፣ ክዳኑን ክፈቱና ውሃውን እዩ። መጠኑ ጎድሏል? ቀለሙ እንደ ጭቃ ቡናማ ከሆነ ውስጡ ዝጓል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወደ መጨረሻው ነጥብ እለፉ። ክዳኑን ገልብጣችሁ ጎማውን ዳስሱ፤ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ይለወጥ። በማለዳ የላይኛው ቱቦ ተጠብቆ ተጣብቆ ካገኛችሁት፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር ወይም ውሃ መልሶ የሚያስገባው የክዳኑ ትንሽ በር ተደፍኗል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የራዲያተሩን ፊት እዩ። በተለይ ትራክተር ያላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። በአንድ ወቅት የአንድ ማኅበር ትራክተር ከውቂያ በኋላ እርሻ ላይ መሞቅ ጀመረ። ቴስታታው ይከፈት ተብሎ ገንዘብ ሊዋጣ ነበር። አንድ ወጣት ኦፕሬተር ግን ራዲያተሩን በባትሪ መብራት ከጀርባው አበራበትና ከፊት ሆኖ ሲያይ አንድም ብርሃን አላለፈም። የጤፍ እብቅ ከአቧራና ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ምርጊት ለጥፎበታል። በሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ታጠበ፤ ትራክተሩ በማግሥቱ እርሻ ገባ። የብርሃኑን ምርመራ እናንተም አድርጉት። ስታጥቡ ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይግፋ፤ እብቁ የገባው ከፊት ነውና በገባበት ይውጣ። በጠንካራ ግፊት አትርጩ፣ በሚስማርም አትፈልፍሉ፤ ክንፎቹ ይታጠፋሉ።

ሦስተኛ፣ ችንጋውን በአውራ ጣት መሃሉ ላይ ተጫኑት። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል። ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጠቀ ይለወጥ። በጣም ማጥበቅም የፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል።

አራተኛ፣ ቱቦዎቹን ጭመቁ። ጤነኛ ቱቦ ተጨምቆ ይመለሳል። እንደ ጭቃ የላሸቀ፣ እንደ ቅርፊት የደረቀ ወይም ጫፉ ላይ ያበጠ ከሆነ ቀኑ ደርሷል። የኔን ጥፋት አስታውሱ፤ እዚያ ቱቦ ላይ ስንጥቁ ከአንድ ቀን በፊት በእጅ ቢዳሰስ ይገኝ ነበር። ማጠንከሪያ ቀለበቶቹንም ፈትሹ። የታችኛው ቱቦ በአንዳንድ መኪኖች ውስጡ የሽቦ ስፕሪንግ አለው፤ ሲለወጥ አሮጌውን ስፕሪንግ አትጣሉ።

አምስተኛ፣ የውሃ ፓምፑን ሆድ እዩ። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከዚያ ውሃ ከተንጠባጠበ የውስጥ ማተሚያው አልቋል። ቀዳዳውን በማስቲሽ መድፈን መፍትሔ አይደለም፤ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባና ፓምፑ ይሰበራል። ቬንትሌተሩን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታነቃንቁት ከተወዛወዘም ያው ነው።

ስድስተኛ፣ ሞተሩን አስነሱ። ጌጁ ወደ ተለመደው ቦታ ሲደርስ ሁለቱን ቱቦዎች ከቬንትሌተሩ ርቃችሁ በጥንቃቄ ንኩ። የላይኛው ትኩስ፣ የታችኛው ሞቅ ያለ ከሆነ ውሃው ይዞራል። ጌጁ ከፍ ብሎ የላይኛው ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም። የላይኛው የሚያቃጥል፣ የታችኛው ፍጹም ቀዝቃዛ ከሆነ ራዲያተሩ ከውስጥ ተደፍኗል ወይም ፓምፑ አይገፋም።

ሰባተኛ፣ ቴርሞስታቱን ፈትታችሁ በድስት ሞክሩት። በክር አንጠልጥላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡና እሳት ላይ ጣዱት። ውሃው ሲሞቅ ቀስ እያለ መከፈት አለበት፤ ሲወጣ ደግሞ መዘጋት አለበት። እዚህ ላይ ከፍታችንን አትርሱ። ደጋ ላይ ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ 82 የተጻፈበት በደንብ ሲከፈት ታያላችሁ፤ 88 የተጻፈበት ግን ገና ከፈት ማለት እንደጀመረ ውሃው ይፈላል። ያ ቴርሞስታት ደህና ነው፤ «አልተከፈተም» ብላችሁ አትጣሉት።

ስምንተኛና የመጨረሻው፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ምልክቶቹን አስተውሉ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ይወጣል። የላይኛው ቱቦ ሞተሩ ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ አያቆምም። የዘይት መለኪያው ወተት እንደ ነካው ቡና የመሰለ ዘይት ያወጣል። ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ሞተሩን አታስነሱ፤ መካኒክ ጥሩ። በተለይ ውሃ የገባበት ዘይት ኩሽኔታ ይበላልና «እስከ ገበያ ላድርሳት» አይባልም።

5. መንገድ ወይም ማሳ ላይ ቢሞቅስ?

ጌጁ ወደ ቀይ ከተጠጋ፣ ነገር ግን እንፋሎት ካልወጣና ውሃ ካልፈሰሰ፣ ጭነቱን ከሞተሩ ላይ አንሱ። ትራክተር ከሆነ ማረሻውን አውጡና አቁሙ፤ መኪና ከሆነ ጥግ ያዙ። ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያለ ጭነት ይሥራ፤ ውሃው እየዞረ ሙቀቱን ያወጣል። ፒካፑ የካቢን ማሞቂያ ካለው እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ያልባችኋል እንጂ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል።

እንፋሎት ከወጣ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ችንጋ ከተበጠሰ ወይም ከፍ ብሎ የነበረው ጌጅ ያለ ምክንያት ድንገት ከወረደ፣ ሞተሩን በዚያው ቅጽበት አጥፉ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው።

6. ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

የጋለ ራዲያተር አይከፈትም። የታፈነ ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም አይፈላም ብለናል። ክዳኑን ስትከፍቱ ግፊቱ ይለቃል፣ ውሃውም በቅጽበት ፈልቶ ፊትና ደረት ላይ ይወጣል። በዚህ ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎችን አውቃለሁ። የላይኛውን ቱቦ በእጃችሁ ጨብጣችሁ መያዝ እስክትችሉ ጠብቁ። ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ፣ ክዳኑን መጀመሪያ እስከ ግማሽ ብቻ ፍቱና ትንፋሹን አስወጡ።

በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሱ ምን ይሆናል? ቴስታታውም እንዲሁ ይሰነጠቃል።

ቴርሞስታት ተነቅሎ አይጣልም። «አገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» የሚል ምክር በብዙ ቦታ ትሰማላችሁ። ያለ እሱ ሞተሩ ሁልጊዜ በሚገባው ሙቀት አይሠራም፤ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ያሞቃል። ከተበላሸ ይለወጥ፤ ባዶ ግን አይተው።

የሚያፈስ ራዲያተር ውስጥ እንቁላልም ሆነ ዱቄት አይጨመርም። ቀዳዳውን የሚደፍን ነገር ጤነኛውንም ቀጭን ቱቦ ይደፍናል።

7. ስለ ውሃውና ስለ ኩላንት

የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ጨው አለው። በየቀኑ ውሃ የሚጨመርበት ሞተር እንደ ሻይ ጀበና ውስጡ ነጭ ድንጋይ ይይዛል፤ ድንጋዩም ሙቀት አያሳልፍም። ከሁሉ የሚሻለው የተጣራ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ነው። ኩላንት ለውርጭ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ዝገትን ይከላከላል፣ የውሃውን መፍያም ከፍ ያደርጋል። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አትቀላቅሉ። ኩላንት ካልተገኘ ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል፤ ጣራውን ያጠበውን የመጀመሪያ ዝናብ ግን አትውሰዱ፣ በጨርቅም አጥልሉት።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። ውሻ፣ ጥጃና ሕፃን ይወዱታል፤ ትንሹም ይገድላል። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አታስቀምጡ። ከራዲያተር የወጣውን በባልዲ ተቀበሉ እንጂ ከብት በሚጠጣበት ቦይ ወይም በግቢ ውስጥ አታፍስሱ።

8. የማለዳ አምስት ደቂቃ

በሬ የሚጠምድ ገበሬ ሳይመግብና ትከሻውን ሳያይ አይጠምድም። ሞተርም እንዲሁ ነው። በየማለዳው ከመነሳታችሁ በፊት፦

– ውሃውን እዩ፤ የጨመራችሁትንም መጠን በደብተር ጻፉ። «ዛሬ ግማሽ ሊትር፣ ነገም ግማሽ ሊትር» የሚል ጽሑፍ ከማንኛውም መካኒክ ቀድሞ ይነግራችኋል።
– የሞተር ዘይቱን መጠንና ቀለም እዩ።
– ችንጋውን ተጫኑ፣ ቱቦዎቹን ጭመቁ።
– የራዲያተሩን ፊት ከገለባ አጽዱ፤ በውቂያ ወቅት ቀን ቀንም ድገሙት።
– ማታ የቆመበትን መሬት ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ለማኅበራት ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። አንድ ትርፍ ችንጋ፣ አንድ የላይኛና አንድ የታችኛ ቱቦ፣ አንድ ክዳንና አሥር ሊትር ንጹሕ ውሃ ከተሽከርካሪው አይለዩ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ቴስታታ ፈትቶ ከማሠራት ጋር አይወዳደርም። ከገንዘቡም በላይ የዘር ወቅት አይገዛም። ማሳው ርጥበት ይዞ የሚጠብቀን ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ስትሄዱ ከመኪናው ወይም ከትራክተሩ ወንበር ሥር አስቀምጡት። በመጨረሻም ለሾፌር አዛዥ ለሆናችሁ ሁሉ የምለው አለኝ። መሪውን የያዘው ሰው «እናሳርፋት» ሲል ሰዓታችሁን አትዩ፤ እሱን ስሙ። እኔ ያልሰማሁትን እናንተ ስሙ።

ከሻይ በኋላ ግቢ ውስጥ ወዳለው ትራክተር እንወጣና የተናገርኩትን በእጃችን እናየዋለን። ጥያቄዎቻችሁን እዚያው ይዛችሁ ኑ።